ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ወርኃዊ መዋጮው በየዓመቱ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ድንኳኑን ቆጥሮ በመዝገብ የሚያሰፍረው፣ መዋጮውን ተቀብሎ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው ፊደል የቆጠረው የት ነው ብሎ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመንም። ስለዚህ ዘንድሮ ስለ ሠፈራችን ልጆች የትምህርት ቤት ኑሮ፣ በተለይም ስለ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። እኛ ራሳችን የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያስተማረን የጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ነው። ጡረታ እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ ፋይል ስናገላብጥ ስለኖርን፣ ነገርን ሁሉ ከነዓመተ ምሕረቱ ማስቀመጥ ለምዶብናልና አንባቢ እንዲታገሠን እንለምናለን። ለመጻፍ ያነሣሣን ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እናመጣዋለን።

በእኛ ልጅነት፣ ማለትም በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የሠፈር ልጅ ቀጥ ብሎ አንደኛ ክፍል አይገባም ነበር። መጀመሪያ የቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ እኛ ደግሞ ከየቤታችን ባመጣነው ቁራጭ ቆዳ ወይም በድንጋይ ላይ ዙሪያቸውን እንኮለኮላለን። የፊደል ገበታዋ በካርቶን ላይ ተለጥፋ፣ ዳር ዳሯ በእጅ ብዛት ጠቁሮ፣ በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያልን ሠፈሩን እናናውጠው ነበር። ፊደል ካለቀ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት ነው። ንባቡም አንድ ጊዜ ተብሎ አይታለፍም፤ ቁጥሩ፣ ግእዙ፣ ውርዱ፣ ቁሙ እየተባለ ያው ገጽ ደጋግሞ ይኬድበታል። ልጁ ዳዊት የደገመለት ቤተሰብ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ የኔታን ይጋብዛል። ክፍያው በወር ስሙኒ ወይም ሽልንግ ነበር። የሌለው እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም እንዲሁ ቁርኣን ቤት ሄደው በእንጨት ሉሕ ላይ ይማሩ ነበር። ኋላ ሁላችንም አንድ ክፍል ገብተን አንድ ዴስክ ላይ ተገናኘን።

አንዳንድ ሰው የቄስ ት/ቤት ዱላ ብቻ ነበር ይላል። ዱላውስ ነበረ፤ አንክድም። ግን እኮ አንደኛ ክፍል ስንገባ ንባብ የምናውቀው እኛ ነበርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በዚሁ ንባባቸው ደብል መትተው ከአንደኛ ክፍል በቀጥታ ሦስተኛ የገቡ አሉ። የኔታ በጥቁር ሰሌዳ አልጻፉም፣ ሰርተፊኬት አልነበራቸውም፤ መንግሥት ደመወዝ አልከፈላቸውም። በእኛ አስተያየት ግን የሠፈራችን የመጀመሪያው አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የእሳቸው የዛፍ ጥላ ነው።

ዘመናዊው ት/ቤት ከየት መጣ ለሚለው፣ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ/ም ግድም በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ት/ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያመጡት ከግብፅ ቅብጦች ነበር። ምክንያቱም ካህናቱ አዲሱ ትምህርት የልጆቹን ሃይማኖት ያናውጣል ብለው ስለ ሠጉ፣ ከውጭ አገር ሰው ይልቅ የአንድ ሃይማኖት ሰው ይሻላል ተብሎ ነው። በ1917 ዓ/ም የተፈሪ መኮንን ት/ቤት ተከተለ። ከዚያም ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ት/ቤት ተከፈተ። በ1928 ዓ/ም ጣልያን ሲገባ ይህ ሁሉ ቆመ። ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ በየካቲት 1929 ዓ/ምና ከዚያ በኋላ በነበረው ግድያ አለቁ። በ1933 ዓ/ም አገሩ ነፃ ሲወጣ ት/ቤት እንደ አዲስ ከመሠረቱ መጀመር ነበረበት፤ መጽሐፍ የለም፣ መምህር የለም፣ ያለውም ተበታትኗል።

ለእኛ ትውልድ ዋናው ዓመት ግን 1956 ዓ/ም ነው። እስከዚያ ድረስ አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ነበር፤ በላይኛዎቹ ክፍሎችም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። በ1956 ዓ/ም ግን አንደኛ ደረጃው ስድስት ዓመት ሆነ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ለብቻቸው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተባሉ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያለው ትምህርት ሁሉ በአማርኛ እንዲሰጥ ተወሰነ። ይኼ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሳይንሱን፣ ጂኦግራፊውን፣ ሒሳቡን እናታችን በምትገሥጸን ቋንቋ ሰማነው። እርግጥ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ለሚናገር የሠፈራችን ልጅ አማርኛውም ሁለተኛ ትምህርት ነበር፤ ይኼን መዘንጋት አይገባም። ሌላም ጣጣ ነበረው። ሰባተኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ሲማር የቆየ ልጅ እዚያ ደርሶ አፉ ይያዛል።

የሠፈራችን ት/ቤት በመጀመሪያ ጭቃ ቤት ነበር። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ ያልቻለ ጭቃ አቡክቶ ቆርቆሮ እንዲለብስ አደረጉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በየጠቅላይ ግዛቱ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የት/ቤት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ እዚያም ሕዝቡ ድርሻውን ያዋጣ ነበር። ይኼን የምናነሣው ት/ቤትና የሠፈር መዋጮ ድሮም እንግዳ እንዳልነበሩ ለማሳየት ነው። በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ራሱ እንምጣ። ደወሉ ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። (የእድራችን ጡሩንባ ነፊ በዚያ ደወል ያደጉ ሰው ናቸው። ሞት ሲለፍፉ ሦስት ጊዜ የሚያቋርጡት ከዚያ ለምደው ነው እያልን እንቀልድባቸዋለን።) ከደወል በኋላ ሰልፍ ነው። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ፣ እጅ ዘርግቶ የፊተኛውን ትከሻ መንካት። ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ቀጥሎ ንጽሕና ይታያል። ጥፍር፣ ፀጉር፣ ጆሮ፣ አንገት። አብዛኞቻችን ባዶ እግራችንን ነበርን። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ ጭቃ ሲሆን ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይመጣና ከበር ላይ ያጠልቀዋል። ደብተራችን እናታችን ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከስኳር ከረጢት በሰፋችው ቦርሳ ውስጥ ነው።

በአንድ ክፍል ስድሳም ሰባም ልጅ ይቀመጣል። ሦስት ልጅ ለአንድ ዴስክ፣ አንዳንዴም አራት። ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣብን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ከሰል ከግራዋ ቅጠል ጋር ወቅጠን እናጠቁረው ነበር። ተረኛ ሆኖ ሰሌዳ ያጠቆረ ልጅ ለሦስት ቀን እጁ ከሰል እንደመሰለ ይሰነብታል። ትምህርቱ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ግብረ ገብ፣ የእጅ ሥራ፣ ሙዚቃና ስፖርት ነው። ለሴቶች ባልትና ነበረ። በደብተራችን ጀርባ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ታትሞ ይመጣል፤ እሱን እስከ አሥራ ሁለት ድረስ በቃል ማወቅ ግዴታ ነው። የቃል ሒሳብ ሲሆን ክፍሉ ሁሉ ይቆማል። መምህሩ ሰባት ጊዜ ስምንት! ይላሉ። የመለሰ ይቀመጣል፣ ያልመለሰ በመለሰው ኩርኩም ይቀምሳል። ጉልቤው ልጅ በሒሳብ ደካማ ከሆነ የምስኪኖች ቀን ያ ነው። ዛሬ የእድር ሒሳብ ሲዘጋ ያለ ማሽን በአፋቸው ደምረው ከማሽኑ በፊት የሚደርሱ አባቶች አሉ፤ እንዴት ብሎ የሚገረም ወጣት ካለ ምሥጢሩ ኩርኩሙ ነው።

የእጅ ጽሕፈትን ግን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ለእኛ እንጀራ የሆነን እሱ ነውና ብናበዛው አይፈረድብንም። በቀለም የሚነከር ብዕር ይዘን፣ የቀለም ብልቃጡን በዴስኩ ቀዳዳ አስቀምጠን፣ በተሰመረ ደብተር ላይ ቁም ጽሕፈት እንማራለን። የሀ እግር የት ይቆማል፣ የመ ሆድ ምን ያህል ይሰፋል፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ እንዴት ይቀመጣል፤ ይኼ ሁሉ ማርክ አለው። ቀለም ያንጠባጠበ ገጹን እንደገና ይጽፋል። ቀጥሎ ቃለ ጽሕፈት ነው። መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወሩ አንድ ጊዜ ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜ ፈጠን ብለው ያነቡታል፣ ሦስተኛ የለም። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ፣ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ ተለይተው ካልተጻፉ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ስሕተት አንድ ልምጭ ያሰጣል። ልምጩን አንደግፍም፤ ዛሬ ቀርቷል፣ መቅረቱም ደግ ነው። ጽሕፈቱ ግን አብሮ መቅረት ነበረበት እንዴ? የልጅ ልጆቻችንን ደብተር ስናይ ፊደሉ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ጽሕፈት ብሎ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ ያስተማራቸው ስለሌለ ነው።

ንባብም ነበረ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ ለስድስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ብትደርስ ነው። መጽሐፍ ስለሌለን በቃል እንይዘዋለን። በወላጆች ቀን ወጥቶ በቃሉ የሚወጣው ልጅ በዓመቱ ሁሉ የእናቱ ኩራት ሆኖ ይኖራል። የወላጆች ቀን ማለት በሰኔ የሚደረገው የት/ቤቱ በዓል ነው። ድራማ፣ መዝሙር፣ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን፣ በመጨረሻም ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሽልማት ይሰጣቸዋል። ሽልማቱ እስክሪብቶ ወይም መጽሐፍ ነው። ለእጅ ሥራው እያንዳንዳችን ከቤታችን ገመድ ገምደን፣ መጥረጊያ አሥረን፣ ሰፌድ ያስሰፋን አስሰፍተን እናመጣለን። መጥረጊያዎቹ ከማርክ በኋላ የት እንደሚደርሱ እግዜር ይወቀው። ከት/ቤቱ በስተጀርባ የጓሮ አትክልት ነበረ፤ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ድንች። ውሃ የሚቀዳው በክፍል ተራ ነው። የዕረፍት ሰዓት ሲሆን ወንዶቹ የጨርቅ ኳስና ብይ፣ ሴቶቹ ሰኞ ማክሰኞና ገመድ ዝላይ። ማታ ጥናት በኩራዝ ነው፤ ጋዝ ያለቀበት የመንገድ መብራት ሥር ወጥቶ ያጠናል።

ሴቶቹ ስንል ብዙ እንዳይመስላችሁ። በክፍላችን ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አራተኛ ክፍል ላይ ይቀንሳሉ፣ ስድስተኛ ላይ ሁለት ሦስት ይቀራሉ። እኅቶቻችን እኛ ፊደል ስንቆጥር ውሃ ቀድተው፣ ሕፃን አዝለው ነው ያሳለፉት። በዚያን ጊዜ ይኼን እንደ ግፍ የቆጠረው ሰው በሠፈሩ አልነበረም።

አሁን ስለ ስድስተኛ ክፍል ፈተና እንናገር። ሕዝቡ «ሚኒስትሪ» ይለዋል፤ ከትምህርት ሚኒስቴር ስለሚመጣ ነው። በስድስተኛ አንድ ጊዜ፣ በስምንተኛ አንድ ጊዜ ይሰጣል። ለፈተናው ፎቶግራፍ መነሣት ያስፈልጋል። ለብዙዎቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያው ፎቶ እሱ ነበር፤ ኮት ከጎረቤት ተውሰን፣ ዓይናችንን አፍጥጠን። በፈተናው ቀን ወደ ሌላ ት/ቤት ተወስደን ከማናውቀው ልጅ አጠገብ እንቀመጣለን። እናቶች በጧት ተነሥተው ዳቤ ጋግረው፣ ቤተ ክርስቲያን ስመው ይሸኙናል። ውጤት እስኪመጣ ክረምቱ ሙሉ ሆድ ይቆርጣል።

ያለፈ ሁሉ ግን ሰባተኛ ገባ ማለት አይደለም። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው ሩቅ ነው፣ መጽሐፉና ልብሱ ወጪ አለው፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እኛም ፈተናውን አልፈን በዚያው ከቀሩት ነን። ከእኛ ጋር የተፈተኑት አንዱ ጋራዥ ገባ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ዘንድ፣ አንዱ ሊስትሮ ያዘ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ቀጥለው መምህርና ነርስ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንደ ዛሬ «ያልተማረ» አይባልም ነበር። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማመልከቻ ያነብባል፣ የእድር ጸሐፊ ይሆናል። ከእድራችን መሥራቾች መካከል መዝገብ የያዙት ሁሉ ከዚህ ደረጃ ያላለፉ ነበሩ፤ መዝገባቸው ግን ዛሬ ቢከፈት ሳንቲም አይጎድለውም።

በ1966 ዓ/ም የሆነውን ያለፍንበት ሁሉ እናስታውሳለን። መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ማሻሻያ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ ለአብዛኛው ሕፃን አራት ዓመት ያህል መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው ጥቂት ይሁን የሚል አሳብ ነበረው። አጥኚዎቹ አገሩ ባለው ገንዘብ ብዙ ሕፃን ለማዳረስ ነው ያሉት፤ የእነሱም ነገር ፈጽሞ ምክንያት የሌለው አልነበረም። በሠፈር ግን የተሰማው «የድሃ ልጅ ከአራተኛ በላይ እንዳይማር ሊደረግ ነው» የሚል ነው። ሰው ተቃጠለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ/ም መምህራን ሥራ አቆሙ፣ በነዳጅ ዋጋ የተማረሩት ታክሲ ነጂዎችም አቆሙ፣ ት/ቤት ተዘጋ። እናቶቻችን የፖለቲካ ነገር አያውቁም፤ «ልጄን ከአራተኛ ክፍል ሊያስወጡት» የሚለው ግን ገብቷቸው ነበር። መንግሥት ዕቅዱን ወዲያው አንሥቶ ተወው፤ ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። በ1967 ዓ/ም ንጉሡ በወረዱ በጥቂት ወራት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ታላላቆቻችንና መምህሮቻቸው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ።

ስለ 1969 እና 1970 ዓ/ም ብዙ አንጽፍም። በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ዕድሜያቸው የገፋ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ፤ አሥራ ስድስትም አሥራ ሰባትም ዓመት ሆኗቸው ስድስተኛ ክፍል የተቀመጡ። ጧት የስም መጥሪያው ሲነበብ «አቤት» የማይልለት ስም እየበዛ መጣ። መምህሩ ስሙን ደግመው አይጠሩም፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። ወላጅ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ ጡሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። የእድራችን መዝገብ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለ እነዚያ ልጆች ምንም አይልም፤ ያልተቀበሩበት መዝገብ ነውና።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ/ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ስለ ዘመኑ መንግሥት የሚባለው ብዙ ነው፤ ይኼን ሥራውን ግን ፊት ለፊት ስላየነው አንክደውም። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ በ1972 ዓ/ም ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። በእኛ ሠፈር ልጆቹ ቀን የሚማሩበት ክፍል ወደ ማታ የእናቶች ሆነ። ስድሳ ዓመት የሆናቸው እናት በልጅ ልጃቸው ዴስክ ላይ ተጣብቀው፣ ነጠላቸውን አገልድመው፣ እርሳሱን እንደ ማማሰያ ጨብጠው ይጽፋሉ። መቅረት ያስጠይቃል፤ ቀበሌው ስም ይይዛል። በግድ የመጡም ነበሩ፣ እያጉረመረሙ። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ታክሲ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምተን አብረናቸው ስቀናል።

ከዚያ በፊት በእድራችን መዝገብ የእናቶች ፊርማ የአውራ ጣት አሻራ ነበር፤ በሐምራዊ ቀለም ተጨፍልቆ። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንዲት የእድራችን እናት የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬታቸውን በያዙ በሳምንቱ ከጸሐፊው ዘንድ መጥተው፣ «አሻራዬን ሰርዙልኝና ስሜን ልጻፍ» አሉ። በመዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ በደንባችን ክልክል ነው። ጸሐፊው «እማማ፣ መሰረዝስ አይቻልም» ብለው አሻራው እንዳለ ሆኖ ከጎኑ እንዲጽፉ ሰጧቸው። እሳቸውም ምላሳቸውን በከንፈራቸው ይዘው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ገጹ ዛሬም አለ። አሻራና ስም ጎን ለጎን።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት እንለፈው፤ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን አስተምራችሁበታል። በ1986 ዓ/ም አዲስ የትምህርት ፖሊሲ ወጥቶ አንደኛ ደረጃ እንደገና ስምንት ዓመት ሆነ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ተፈቀደ፣ የስድስተኛው ሚኒስትሪ ቀረ። የሴቶች ልጆች ቁጥር ከወንዶቹ ጋር ወደ መመጣጠን ደረሰ፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት በመጣው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ አንደኛ ደረጃ ተመልሶ እስከ ስድስተኛ ሆነ፣ የስድስተኛ ክፍል ፈተናም ተመለሰ። በ1956 የተተከለው፣ በ1986 የተነቀለው፣ እንደገና ተተከለ። ታዲያ የልጅ ልጆቻችን «ሚኒስትሪ ልንፈተን ነው» ሲሉን እኛም ሆዳችን ይቆርጠን ጀመር።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ቀጠሮ ወደ ሰጠነው ጉዳይ መጣን። በእኛ ጊዜ የክፍሉ የስም መጥሪያ ላይ ከአንዳንድ ስም ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ምክንያቱን አንድ በአንድ ብናስታውስ ብዙው ሕመም ወይም ስንፍና አልነበረም፤ አባት ወይም እናት መሞት ነበር። እድር መጥቶ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ንፍሮ ይቀርባል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይቆጠራል። ከዚያ ድንኳኑ ይነቀላል። ልጁ ከለቅሶ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይቀራል፣ ቀጥሎ ጫማ ሲጠርግ እናየዋለን። መቃብሩን የከፈለ እድር ደብተሩን አልከፈለም ነበር።

«እድር ለሞተ እንጂ ላለ አይደለም» የሚሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤም ተብሏል። ስለ አክብሮታቸው ዝም ብንልም፣ ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከላይ እንደ ጻፍነው ት/ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው የሠፈር መዋጮ ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ብዙ ወላጅ ሲጨርስ የአዲስ አበባ እድሮች ብዙዎቹ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር፤ ደንባቸውንም ለዚሁ ሲሉ አሻሽለዋል። ሌሎች ደግሞ «ደብተሩንና ልብሱን መንግሥት ይሰጣል፣ ምሳም ያበላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በከተማችን የመንግሥት ት/ቤቶች ከ2012 ዓ/ም ወዲህ ይኼ ተጀምሯል፣ ለብዙ እናትም ዕረፍት ሆኗል። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል የደረሰው ልጅስ? አባቱ የሞተበትና ኮንዶሚኒየም ከሄደው ቤተሰቡ ጋር ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመላለሰውስ? ስድስተኛ ክፍል ፈተና የደረሰባትና እናቷን ቀብራ ማታ ወንድሞቿን የምታስተኛዋስ ማን ያስጠናታል?

ስለዚህ ጥቂት አባላት ሆነን ያዘጋጀነው አሳብ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል። አሳቡ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድንኳንና ወንበር ከእድራችን ውጭ ላሉ ሰዎች ሲከራይ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነው እጅ፣ ወላጃቸው የእድራችን አባል ሆኖ ለሞተባቸው ተማሪዎች እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲውል። ስንት እጅ ይሁን የሚለውን ጉባኤው ይወስን፤ ከወርኃዊው መዋጮ ግን አንዲት ሳንቲም አይነካም። ሁለተኛ፣ የእድራችን የስብሰባ አዳራሽ ከለቅሶ ቀን በቀር ሁልጊዜ ማታ ማታ ባዶ ስለሆነ፣ መብራቱ በርቶ ተማሪዎች እንዲያጠኑበት። ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ከአባሎቻችን ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህራን ሁለት ሦስት እንዳሉ እናውቃለን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀናል፣ አልጠሉም። እኛም ከቻልን ቁም ጽሕፈት እናስይዛለን።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ የድሮ ሪፖርት ካርድ፣ የወላጆች ቀን ፎቶግራፍ ወይም የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት በቤቱ ያለው አባል ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ቢያውሰን፣ ቀድተን በማግስቱ እንመልሳለን። ዘወትር እሑድ ከወርኃዊ መዋጮ መቀበያው ጠረጴዛ አጠገብ እንገኛለን፤ ፊርማ አስፈርመን ነው የምንቀበለው።